የሁዳዴ ጎመንና የልጄ ደም

መጀመሪያ የታመመው ባቱ ነው፤ የግራ እግሩ ባት። ልጄ ሚኪያስ ከቡልጋሪያ በገባ በማግስቱ ዴንቨር፣ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ካለው ቤታችን ደረጃ ሲወርድ አየሁት። አንዱን እግሩን ቀድሞ ያሳርፋል፣ ሌላውን ይጎትታል። እኔ ያገለገለ መኪና ነጋዴ ነኝ። ሱቄ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። በአንድ ጎን የሚያነክስ ነገር ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

«ምን ሆንክ?»

«ስትሬን ነው፣ ዳድ። ኢትስ ናቲንግ።»

ስትሬን፣ የጡንቻ መሳሳብ፣ መሆኑ እውነት ነበር። ቡልጋሪያ በአንድ ጨዋታ ላይ ዘሎ ሲያርፍ የሰው እግር ረግጦ ባቱን ተጎድቷል። የክለቡ ሐኪም እግሩን በፕላስቲክ ቡት አስሮ «ቤትህ ሄደህ ዕረፍ» ብሎ ላከው። ልጄ ቁመቱ ሁለት ሜትር ያልፋል። ሁለት ሜትር ሰው እግሩ በቡት ታስሮ፣ በሦስት አውሮፕላን፣ ጉልበቱ አገጩ ሥር ተጣጥፎ ዴንቨር ድረስ መጣ። ይህን የምዘረዝረው ለወሬ አይደለም። በኋላ ሐኪሞቹ አንድ በአንድ የጠየቁን ይህንኑ ነው።

የልጄን ሥራ ለማያውቅ ትንሽ ልንገር። ሚኪ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። ቅርጫት ኳስ ኔብራስካ ባለ ትንሽ ኮሌጅ ተጫወተ። «ልጄ ኳስ ተጫዋች ነው» ስል ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ይፈልገዋል፤ እዚያ የለም። አሜሪካ ውስጥ ቦታ ያላገኘ ጎበዝ ተጫዋች ወደ ውጭ ሊጎች ይሄዳል። የኔም ልጅ ቆጵሮስ፣ ሊባኖስ፣ ከዚያም ቡልጋሪያ ሄደ። እዚያ እንደሱ ያለውን «ኢምፖርት» ይሉታል፣ ከውጭ የገባ ዕቃ እንደማለት። ቃሉን ስሰማ ሥራው ወዲያው ገባኝ። የአገሩ ልጅ ሲሳሳት ይመከራል፤ ኢምፖርት ሲሳሳት ትኬት ይቆረጥለታል። ሊባኖስ ሳለ ሁለት ጨዋታ አልሳካ ብሎት ከልምምድ ሲመለስ የአፓርታማው ቁልፍ ተቀይሮ አገኘው። ሻንጣው ኮሪደር ላይ ነበር። ደውሎ ሲነግረኝ እየሳቀ ነው። እንዲህ ዓይነት ልጅ በባት ሕመም አልጋ ላይ አይወድቅም።

በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ አጠረው። ደረጃ ወጥቶ ይቆማል፣ ግድግዳ ይይዛል። እዚህ ጋ ዴንቨር አሳሳተን። ከተማችን ከፍታ ላይ ናት። ከዝቅተኛ አገር የተመለሰ ሰው ሁሉ ለጥቂት ቀን ያለከልካል። ሚኪም በየዓመቱ ሲመለስ እንዲሁ ይሆን ነበር። «አልቲቱድ ነው» አለ፤ እኛም «አልቲቱድ ነው» አልን። ባለቤቴ ወይንሸት ግን የእግሩ እብጠት ስላላማራት ኦሮራ ለሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ደወለች፣ መጥተው እንዲያሹት። እሳቸው ለልቅሶ ላስ ቬጋስ ሄደዋል። የሞተውን ሰው አላውቀውም። ነፍሱን ይማር፤ ልጄን ካተረፉት አንዱ እሱ ነው። በኋላ አንዲት ሐኪም ስትነግረን፣ ያ ባት ቢታሽ ኖሮ ውስጡ የቀረውም የረጋ ደም ተነቅሎ ይሄድ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሚኪ ሱቄ መጣ። አንዲት ቶዮታ ከቦታዋ ላንሳልህ ብሎ ቁልፍ ተቀበለኝ። በሩን ሳይከፍት ቆመ። መኪናዋ ላይ ተደገፈ።

«ዳድ» አለ። «መተንፈስ አልቻልኩም።»

ከንፈሩ ዐመድ መሰለ። ደረቱን ያዘ። ተቀመጠ። ከዚያ ተኛ። አስፋልቱ ላይ በረዶ ነበር። ጃኬቴን ከራሱ ሥር አደረግኩ። ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። አድራሻዬን ጠየቁኝ። ሃያ ዓመት የነገድኩበት ቦታ ቁጥሩ ጠፋኝ። ቀና ብዬ ከራሴ ታፔላ ላይ አነበብኩላቸው።

ሆስፒታል ሲቲ ስካን አነሱት። የድንገተኛው ሐኪም ወጣት ነው። ቁጭ ብሎ ነው ያነጋገረን። ሐኪም ቁጭ ሲል ነገሩ ከባድ ነው።

«በሁለቱም ሳንባው ውስጥ የረጋ ደም አለ» አለ። «ፑልሞናሪ ኢምቦሊዝም እንለዋለን። ከእግሩ ተነስቶ ነው የሄደው። የልቡ ቀኝ ክፍል በጣም እየተጨነቀ ነው።»

«ይተርፋል?»

«ጠንካራ ልብ አለው፤ ያ ይረዳዋል። ከዚያ በላይ ዛሬ ልነግርዎት አልችልም።»

ሄፓሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ በደም ሥሩ ጀመሩለት። አይ.ሲ.ዩ.፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ አስገቡት። ኦክስጅን አደረጉለት። አልጋው አጠረው። ተረከዙ በጫፉ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ወይንሸት ነጠላዋን አውልቃ ሸፈነችለት። እኔ ማሽኑን ሳይ ዋልኩ። ቁጥሩ ሲወርድ እወርዳለሁ፣ ሲወጣ እወጣለሁ።

በማግስቱ ከሰዓት ዓይኑን ገልጦ እናቱን ፈለገ።

«ማም። ከዚህ ከወጣሁ ሁዳዴን ሙሉ እጾማለሁ። ስለት ነው።»

ወይንሸት ያን ሁሉ ሰዓት ያልወጣ ሳቅ አመለጣት። ልጃችን ስቅለትን እንኳ የሚጾመው እስከ ምሳ ሰዓት ነው።

«አንተ?»

«እኔ። ፕሮሚስ አድርጌያለሁ። አትሳቂ፣ ያመኛል።»

ከአይ.ሲ.ዩ. ወጣ። ቀጥሎ የመጣችው ሄማቶሎጂስት ናት፣ የደም ስፔሻሊስት። ፀጉሯ የሸበተ፣ ቃል የማታባክን ሴት። ሚኪ ስሟን ሳይጠይቅ «መቼ ነው የምጫወተው?» አላት።

«ደም ማቅጠኛ እየወሰድክ ፈጽሞ አትጫወትም። አንድ ክርን ጭንቅላትህን ቢመታህና ውስጥህ ቢደማ ላናቆመው እንችላለን።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «እስከ መቼ?»

ወደ እኔ ዞረች። ጥያቄው የተመቻት መሰለኝ። «የልጅዎ በሽታ ምክንያት አለው። ጉዳት፣ የታሰረ እግር፣ ረጅም በረራ። ስለዚህ ስድስት ወር ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ይወስዳል። በየጊዜው አይ.ኤን.አር. የሚባል ምርመራ እናደርጋለን፤ ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ ይነግረናል። ከሁለት በታች ከሆነ ደሙ እንደገና ሊረጋ ይችላል፣ ከሦስት በላይ ከወጣ ሊደማ ይችላል። ስድስቱ ወር አዲስ ነገር ሳይመጣ ካለፈና ደሙ በዘር የመርጋት ችግር ከሌለበት መድኃኒቱን አቆማለሁ። ያኔ ይጫወታል። ሁለተኛ ጊዜ ከረጋ ግን መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው። ኳሱም አበቃ።»

በዚህ ዓይነት የቤታችን ኑሮ ሁሉ ተጠቅልሎ በሁለትና በሦስት መካከል ገባ።

ክለቡ በዚያው ሳምንት ውሉን አፈረሰ። ኤጀንቱ በስልክ አጭር መልእክት ላከ፤ «ቶሎ ዳን» የሚለው ከታች ነበር። የሰፈሩም ሰው ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሞላ የሚባል የቆየ ደንበኛዬ፣ ሁለት መኪና የገዛኝና በሁለቱም የተጨቃጨቀኝ ሰው፣ ክንዴን ያዘ።

«ታዴ፣ ይሄ ልጅ ይብቃው በቃ። ሰላሳ ሊሞላው ነው፣ ኳስ ኳስ ይላል። ሲ.ዲ.ኤል. መንጃ ፈቃድ ያውጣና ትራክ ይንዳ።»

«ደሙ የረጋው ቁጭ ብሎ ነው። አንተ ደግሞ ከዚህ እስከ ካሊፎርኒያ ቁጭ በል ትለዋለህ።»

«ለሱ አስቤ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ያቺን ኒሳን ስሸጥልህም ለአንተ አስቤ ነበር።»

ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን ቤት እስክደርስ ተቃጠልኩ። በኔ ንግድ አንድ ጊዜ ክፉኛ የተጋጨ መኪና ወረቀቱ ላይ «ሳልቬጅ» ተብሎ ይጻፍበታል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ወርቅ ቢሆን ማንም ሊያየው አይፈልግም። ልጄን አልጋ ላይ እያለ ሳልቬጅ ብለው ጻፉበት። እኔ ደግሞ ሳልቬጅ ተብለው የተጣሉ፣ ዛሬም ኮልፋክስ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሉ መኪኖች አውቃለሁ። እንዲህ በቀላሉ አልለቅላቸውም አልኩ።

የአይ.ኤን.አር. ክሊኒኩ ሎውሪ ሰፈር ነው። ጣቱን ይወጉታል፣ ወዲያው ቁጥሩ ይወጣል፣ ፋርማሲስቷ መጠኑን ትወስናለች። መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። ሁለት ነጥብ አምስት። ሁለት ነጥብ ስድስት። ሚኪ ልክ እንደ ጨዋታ ውጤት ለእናቱ ይደውልላታል።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

የንስሐ አባታችን ነገሩን ሰምተው ቤት ድረስ መጡ። «ልጄ፣ ሕመምተኛ ጾም የለበትም። ቤተ ክርስቲያን አታስገድድህም። ስለቱን በሌላ እንለውጥልሃለን» አሉት።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያልኩትን ነው ያልኩት።»

«ግትር ነህ።»

«የአባቴ ልጅ ነኝ።»

አባ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። «እንግዲያው ሰዓቱን አታብዛ፣ መድኃኒትህንም እንዳታቋርጥ» ብለው ባረኩት። መድኃኒቱን አላቋረጠም። ማታ ማታ ፊቴ ነው የሚውጠው። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ተወ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ሆነ። ወይንሸት እሑድ እሑድ የሳምንቱን ጎመን በትልቁ ብረት ድስት ትሠራለች፤ ሐሙስ ሳይደርስ ያልቃል። ልጁ ስፖርተኛ ነው፣ ሥጋ ሲቀርበት ሆዱን የሚሞላው በጎመን ነው። እሷም ጨመረችለት። ታሞ የተነሣ ልጅ ሲበላ ድስት የምትከድን እናት አላየሁም።

አይ.ኤን.አር. አንድ ነጥብ ስምንት ሆነ። ቀጥሎ አንድ ነጥብ አራት።

«ክኒን ዘለልክ?» አለችው ፋርማሲስቷ።

«አልዘለልኩም።»

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነጥብ ሦስት። ሆዱ ላይ የሚወጋ ኢኖክሳፓሪን የሚባል መርፌ አዘዙለት፣ ደሙ እንዳይረጋ። ሐኪሟ ራሷ ደወለች። «ቁጥሩ የሚለኝ መድኃኒቱን እንደማይወስድ ነው። እውነቱን ካልነገራችሁኝ ልረዳችሁ አልችልም።»

«ዶክተር» አልኳት፣ «እኔ መኪና ስሸጥ ያልተጠየቅሁትን አልናገር ይሆናል። ይሄ ግን ልጄ ነው። ማታ ማታ ሲውጥ ዓይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው የሆነ ነገር ተቀይሯል» አለች። «ፈልጉት።»

በማግስቱ ሎውሪ ሄድን። ፋርማሲስቷ ኮምፒውተሩን ወደ ጎን ገፋችና ፊት ለፊታችን ተቀመጠች። እንደገና ቁጭ የሚል የሕክምና ሰው። አዲስ መድኃኒት ጀመርክ? አልጀመርኩም። ቫይታሚን? የለም። መጠጥ?

«ጾም ላይ ነኝ፣ መጠጥ የለም።»

«ጾም ማለት አትበላም?»

«እበላለሁ። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

ሚኪ ስልኩን አውጥቶ ትሪያችንን ፎቶ አሳያት። ጣቷን አረንጓዴው ላይ አደረገች። ጎመን መሆኑን ነገራት። «ምን ያህል ትበላለህ?» ስትለው ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳያት። የልጄ እጅ ደግሞ ኳስ በአንድ መዳፍ የሚያነሣ እጅ ነው። ሴትዮዋ እጁን አየችው፣ ከዚያ ፎቶውን፣ ከዚያ እንደገና እጁን።

«ጎመን በቫይታሚን ኬ የተሞላ ነው» አለች። «ቫይታሚን ኬ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። እኛ ደሙን እናቀጥናለን፣ ጎመኑ መልሶ ያወፍረዋል።»

እናት አባታችን «ጎመን በጤና» እያሉ ነው ያሳደጉን። ማን ይጠረጥረዋል? እዚያ ላይ በቁጣ ተነሣሁ። «አሁኑኑ ድስቱን አስወጣዋለሁ» አልኩ።

«አይሆንም» አለችኝ። «ከጎመን ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከመለዋወጥ ጋር ነው። ለክቶ ይብላ፤ ዛሬ የበላውን ያህል ነገም ይብላ። መድኃኒቱን እኔ ወደ ጎመኑ አመጣዋለሁ።»

እንዳለችው አደረገች። መጠኑን ከፍ አደረገች፣ ወይንሸት በአንድ ጭልፋ እየለካች ሰጠችው፣ ቁጥሩ ወደ ሁለት ነጥብ አራት ተመለሰ። መርፌውም ቆመ። ስለቱ ሳይፈርስ፣ ደሙ ሳይረጋ ሁዳዴ አለቀ። ያን ጊዜ በሽታውን ሸውደነው ያለፍን መስሎን ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። ዶሮው፣ ክትፎው፣ አይቡ። ፋሲካ ላይ ጎመን የሚያቀርብ ሐበሻ ካለ ስሙን ይንገሩኝ። ድስቱ ታጥቦ ካቢኔ ገባ። ሚኪ ያን ሁሉ ጊዜ የናፈቀውን በላ፣ ጠላም ቀመሰ። ከፍ የተደረገው መድኃኒት ግን ከፍ እንዳለ ነው። የሚታገለው ጎመን የለም።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ቁርስ ላይ አፍንጫው ደማ። ጨርቅ ያዘ። ጨርቁ ራሰ። ሌላ ያዘ። ድዱም ደማ። ጥርሱ ቀይ ሆነ። «አይቆምም» አለ። ጮክ ብሎ አይደለም። ወይንሸት ቁልፉን አነሣች። እኔ ነዳሁ። ያ ሁሉ ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ቢሆንስ እያልኩ ነው የነዳሁት።

አይ.ኤን.አር. ሰባት ነበር።

አፍንጫውን አሽገው ደሙን አቆሙት። ከዚያ አንዲት ነርስ ክኒን በትንሽ ኩባያ አምጥታ «ቫይታሚን ኬ ነው» አለችው። ሚኪ ከነታሸገ አፍንጫው ወደ እኔ አየ። «ዳድ፣ ጎመን በክኒን ሰጡኝ» አለ። ነርሷ ለምን እንደሳቅን አልገባትም። እናቱም ሳቀች፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ አለቀሰች።

ፋርማሲስቷ በማግስቱ ደወለች። ስፒከር ላይ አደረግናት። «ጎመኑስ?»

«የኔ እመቤት፣ ፋሲካ እኮ ነው» አለች ወይንሸት። እንግሊዝኛዋ ሲጨንቃት ያምራል። «በፋሲካ ጎመን?»

«ጾሙ እንደሚያልቅ ማንም አልነገረኝም» አለች ፋርማሲስቷ።

እኛም ጾም እንደሚያልቅ ለሰው መነገር ያለበት ነገር አልመሰለንም። እሷ ሰዎቹ አመጋገባቸውን እስከ ወዲያኛው የቀየሩ መስሏታል፤ እኛ ደግሞ ጾም ሲገባ የምታውቅ ሴት ሲወጣም የምታውቅ መስሎናል። ማናችንም አልዋሸንም፣ ማናችንም አልሰነፍንም፤ ልጁ ግን በመካከላችን ሊያልቅ ነበር።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። «የዓመቱን ጾም ሁሉ ንገሩኝ» አለች። ወይንሸት ጀመረች፤ የሐዋርያት፣ የፍልሰታ፣ የነቢያት፣ የነነዌ፣ ገሃድ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ከዚያኛው ጫፍ የሚጻፍ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ቆመ።

«የማትጾሙበት ቀን የትኛው ነው?»

«ሐሙስ ጥሩ ነው» አለች ባለቤቴ።

ከዚያ ወዲያ በኛ ቤት ጾም ይግባ ይውጣ ሚኪ በቀን አንድ ጭልፋ ጎመን ይበላል። ክርስትና ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ከቁርጡ አጠገብ የራሱን ጎመን በዕቃ ይዞ ይመጣል። ሞላ አንድ ሠርግ ላይ አይቶ «ታዴ ቤት ዘንድሮ ፋሲካ አልገባም እንዴ?» አለ፤ ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ሚኪ ጎርሶ እያኘከ «ጋሼ ሞላ፣ አንድ ላጉርስዎት?» አለውና በኳስ ተጫዋች እጁ ጠቅልሎ አጎረሰው። ሞላ ግማሽ ደቂቃ ያህል መናገር አልቻለም። ቁጥሩም ከዚያ በኋላ ከሁለትና ከሦስት መካከል አልወጣም።

የማገገሙን ነገር ብዙ ሰው አይነግራችሁም፤ ቀስ ያለ፣ ለሚያየው የሚያሰለች፣ ለሚኖረው ግን በየቀኑ አዲስ ትግል ነው። መጀመሪያ ከቤት እስከ ጥግ፣ ቀጥሎ ሰፈሩን አንድ ዙር፣ ከዚያ ሎውሪ ያለውን መናፈሻ ከእናቱ ጋር እየተከራከሩ ይዞሩት ጀመር፣ ምክንያቱም እሷ በልጅነቷ ተራራ ወጥታ ያደገች ሴት ስለሆነች ትቀድመዋለች፣ እሱም በዚህ ይናደዳል። ሳንባው እየዳነ ሲሄድ ፍርሃቱ ብቻውን ቀረ፤ ደረቱን ትንሽ ወጋ ባደረገው ቁጥር ሥራውን ትቶ ይቀመጥና ትንፋሹን ያዳምጣል። ሐኪሟ ይህንን ስትሰማ «እሱም የበሽታው ክፍል ነው፣ አትፈር» ብላ ወደ አማካሪ ላከችው፣ እሱም ሄደ። ጂም ሲጀምር ሰው በሌለበት ሰዓት ብቻውን ቅርጫት ላይ ይወረውራል፤ ሌሎቹ ለመጫወት ሲመጡ ኳሱን ሰጥቶ ይወጣል። ልጄን መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ከዚያ በር ሲወጣ ማየት ከአይ.ሲ.ዩ.ው ቀጥሎ የከበደኝ ነገር ነው። አንድም ቀን ግን «ይቅርብኝ» ሲል አልሰማሁትም።

ስድስቱ ወር ሲሞላ ሐኪሟ እግሩን በአልትራሳውንድ አሳየች፣ ደሙን በየዓይነቱ መረመረች። ልትነግረን ስትገባ አልተቀመጠችም። ያን ጊዜ ነገሩን አወቅሁ።

«ደምህ በዘር የመርጋት ችግር የለበትም። መድኃኒቱን አቁም።»

«ልጫወት?»

«ተጫወት። ረጅም በረራ ላይ ግን እግር የሚያጠብቅ የሕክምና ካልሲ ታደርጋለህ፣ በየጊዜው ተነሥተህ ትሄዳለህ፣ ከመነሣትህ በፊት የምሰጥህን መርፌ ትወጋለህ። እግርህ ቢያብጥ ጨዋታ መሃል ብትሆንም ትወጣለህ። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

ቀሪው የገበያ ጉዳይ ነበር፣ እሱን ለኔ ተዉት። ኤጀንቱ «ስለ በሽታው ምንም አትንገሩ» አለ። እምቢ አልን። የተጋጨ መኪና ታሪኩን ደብቆ የሚሸጥ ነጋዴ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ነው። ደግሞም እዚያ አገር እግሩ ቢያብጥ የክለቡ ሐኪም ማወቅ አለበት። ሁለት ክለቦች ሰምተው ዝም አሉ። ሦስተኛው ጆርጂያ ነው፣ የአሜሪካዋ ሳትሆን አገሪቱ። ሥራ አስኪያጁ በቪዲዮ ደወለ። «ጥሩ ተጫዋች ነህ፣ ግን እንፈራለን» አለው።

ከጎን ነበርኩ፣ አላስቻለኝም። አንገቴን ወደ ካሜራው አስገባሁ። «አንድ ወር ሞክሩት። ሐኪማችሁ ይየው። ካልሄደ መልሱት።»

«ዳድ፣ አይ አም ናት ኤ ካምሪ፤ መኪና አይደለሁም እኮ።»

ሰውየው ሳቀ። «አባትህ ምን ይሠራል?» አለ። ሚኪ ነገረው። «ለዚህ ነዋ» አለና የአንድ ወር ሙከራ ሰጠው።

የመጀመሪያ ጨዋታውን ወይንሸትና እኔ ሱቄ ውስጥ በላፕቶፕ አየን። እዚህ ጠዋት፣ እዚያ ማታ ነው። ምስሉ ይቆራረጣል። በሁለተኛው ሩብ ቅርጫቱ ሥር ዘሎ ሲወርድ አንድ ግዙፍ ሰው ክርኑን አፉ ላይ አሳረፈበት። ወደቀ። ወይንሸት ክንዴን ጨመቀችው። ምስሉ ቆመ። ሲመለስ ሚኪ ቁጭ ብሏል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ ደሙ አገጩ ላይ ይወርዳል። ወራት ሙሉ ደሙ እንዳይረጋ ስጸልይ የከረምኩ ሰው «ርጋ፣ በእግዚአብሔር ርጋ» አልኩ። ሐኪሙ ጥጥ ያዘበት። ትንሽ ጠበቀ። ጥጡን አነሣ፣ አየ፣ ጣለው። ደሙ ቆሟል። ልጄ ተነሥቶ ሄዶ ቅጣቱን ወረወረ። የመጀመሪያውን ሳተ። ሁለተኛውን አገባ። ወሩም አለቀ፣ አልመለሱትም።

ሥራቸውን በትክክል የሠሩ ሰዎችን ማመስገን አለብኝ። ቁጭ ብሎ ያነጋገረንን ወጣት ሐኪም፤ አንድም ቀን ያላባበለችንን ሄማቶሎጂስት፤ የማታውቀውን ትሪ አይታ ለመጠየቅ ያላፈረችውን ፋርማሲስት፤ የፈቀዱትንም የመከሩትንም የንስሐ አባታችንን። ወይንሸትን ግን በወረቀት አላመሰግናትም፣ ቤት ውስጥ ነው የምታስከፍለኝ።

ይህን መንገድ ለጀመራችሁ ደግሞ የማውቀውን ልንገራችሁ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ትንፋሽም ካጠረ፣ ከፍታ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ባቱንም ለማንም አታሳሹ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ዋርፋሪን የምትወስዱ ጾም ሲገባ ብቻ ሳይሆን ሲወጣም ለክሊኒካችሁ ተናገሩ፤ ጎመኑንም፣ አብሹንም፣ ጉንፋን ሲይዛችሁ የምትጠጡትን ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ሁሉ ተናገሩ፣ ሳይጠይቋችሁ። ጠበሉን ጠጡ፣ ክኒኑንም ዋጡ። ሐኪም «አይሆንም» ሲላችሁ ተጣልታችሁ አትውጡ፣ አንገታችሁንም ደፍታችሁ አትውጡ፤ «እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዘመድ ወዳጅ «ይብቃው» ሲላችሁ ግን ብታምኑኝ መስማት የለባችሁም።

ሚኪ ከዚያ በኋላ ሌላ ሁለት ሲዝን ተጫወተ። ከዚያ አንድ ቀን ደውሎ «ዳድ፣ ጉልበቴ ደከመ፣ ሚስትም ላገባ ነው፣ አቆማለሁ» አለኝ። ደሙ አላስቆመውም። ክለብም አላባረረውም። በሩን ራሱ ዘግቶ ነው የወጣው።